ኔትወርክ የሌለው ተራራ

ነቅቻለሁ። መስኮቱ ገና አልነጣም፣ ግን ነቅቻለሁ፣ ተኝቼ ነበር ለማለትም አልደፍርም፣ ከግራ ጎኔ ወደ ቀኝ ጎኔ ስገላበጥ ነው ያነጋሁት። ውጭ አሸንዳው ጠብ ጠብ ይላል። ዝናብ አይደለም፣ ካፊያ ነው። ዝናብ ቢሆን ኖሮ እሰየው ብዬ ብርድ ልብሴን እከናነብ ነበር፣ ዝናብ ለሰው ሰበብ ይሆናል፣ በካፊያ አሳቦ ከመንገድ የቀረ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ስለዚህ ተነሺ አንቺ ሴት። ሳምንቱን ሙሉ የማላውቀውን ሰው እርጥብ አንሶላ ሳደርቅ ሰንብቼ በእረፍት ቀኔ ደግሞ ልረጥብ ልሄድ ነው፣ አገር ቤት ሆኜ ይሄን ብናገር ጠበል ውሰዷት ይባል ነበር። እግሬን ወለሉ ላይ አሳርፋለሁ፣ ይቀዘቅዛል፣ ደስ ይላል። ሁለት እንቁላል ቀቅያለሁ፣ ዳቦው በፌስታል ተጠቅልሏል፣ ሻዩ ፔርሙዝ ውስጥ ገብቷል፣ ቡትስ ጫማው ሥራ ቦታ አብራኝ አንሶላ የምታጥፈው የጓደኛዬ ነው፣ በአንድ ቁጥር ስለሚሰፋኝ ካልሲ ደርቤ ሞላሁት። ሁሉም ነገር ተሰናድቷል። ያላየሁት ስልኬን ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቷል፣ የደፋሁትም እኔ ነኝ።

ዛሬ የእናቴ ዓይን ፋሻ የሚነሣበት ቀን ነው። አምስት ዓመት ሞራ ጋርዷት ኖራለች። መጀመሪያ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ አለች፣ ቀጥሎ ሰው የምለየው በድምፁ ነው አለች፣ ከዚያ ጭራሽ ስለ ዓይኗ ማውራት ተወችና ቤቱን በእጇ እየዳበሰች መዞር ጀመረች፣ የበሩን መቃን፣ የወንበሩን ጀርባ፣ የመጣውን እንግዳ ፊት፣ ሁሉን በጣቷ ማየት ለመደች። ለምነን ለምነን ቢላ ዓይኔ አጠገብ አይደርስም ስትል ኖራ ባለፈው ሳምንት ምን እንደነካት እንጃ እሺ አለች። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ሐሳቧን ሳትቀይር ብላ በማግስቱ ሐኪም ቤት አስገባቻት፣ ትናንት ቀኝ ዓይኗ ተሠራ። ነገ ሐኪሙ ዞሮ ሲጨርስ ፋሻው ይነሣል፣ በቪዲዮ እንደውልልሻለን፣ ስልክሽ ካጠገብሽ እንዳይለይ፣ አለችኝ እትዬ። እሺ አልኳት። ገና ስልኩን ከመዝጋቴ ለጓደኛዬ ደውዬ ያ ኔትወርክ የለውም ያልሽኝ ተራራ በስንት ቁጥር አውቶቡስ ነው የሚኬደው አልኳት። ጫማዬን ላውስሽ አለችኝ። አየር ልቀበል ነው ብዬ ነገርኳት፣ ለራሴም እንደዚያው ብዬ ነገርኩት።

ጥርሴን ስፍቅ መስታወቱን በቀኝ በኩል ነው የማየው፣ ልማድ ሆኗል። ግራ ጉንጬ ከጆሮዬ ሥር እስከ አገጬ ድረስ ተጨማዶ ያብረቀርቃል። ሁለት ዓመት ሆነው፣ የትልቁ መተኮሻ ማሽን ቱቦ ፈንድቶ እንፋሎቱ ያገኘኝ ጊዜ ነው። ፀጉሬም ግንባሬ ላይ ነጥቷል፣ እሱስ ቀለም አያጣም። እናቴ ከሰባት ዓመት በፊት በር ላይ ቆማ ስትሸኘኝ ያየችው ፊት ሌላ ነው፣ ያ ፊት ሙሉ ነበር፣ ጉንጩም ይቆነጠጥ ነበር፣ ቆንጥጣውም ነው የሸኘችኝ። ሲያቃጥለኝ ሁለት ሳምንት ሳልደውል ቀረሁ። ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቶ ነው አልኳት፣ አመነችኝ፣ ዝንጅብል ጠጪ አለችኝ። እትዬ ታውቃለች። ለምን ትነግሪያታለሽ፣ በማታየው ነገር ለምን እንቅልፍ ትጣ፣ አለች። እሷም እኔም ዝም አልን፣ ዝም ስንል ሁለት ዓመት ሄደ። ይሄ ሁሉ ግን አያሳፍረኝም፣ ሰው እናቱን እንዳትጨነቅ ብሎ ቢዋሽ ምንድነው። የሚያሳፍረኝ እናቴ ማየት ስላልቻለች ደስ ያለኝ ቀን መኖሩ ነው። አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ፋሻዬ የተነሣበት ቀን፣ ግን ነበረ።

አውቶቡሱ ባዶ ነው። የቲኬት ማሽኑ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ መሄጃ ብቻ ወይስ መመለሻም፣ ስንት ሰው፣ ቅናሽ ይገባሻል ወይ፣ ከኋላዬ ማንም ሳይኖር ተደናበርኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና ብቻሽን ነሽ አለ። ብቻዬን ነኝ። በዚህ ቀን? በዚህ ቀን። ትከሻውን ሰበቀና መጥረጊያውን አበራው፣ እኔ ደግሞ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ እናቴ ባለፈው ያለችኝን አስታውሼ ብቻዬን እስቃለሁ። ሐኪም ቤት ከመግባቷ በፊት ነው፣ ጓደኛዬ ስለዚህ ተራራ ያወራችኝ ሰሞን፣ ሳላስበው አንድ ቀን ተራራ ልወጣ ነው ብዬ ነገርኳት።

«ተራራው ላይ ምን አለ?»

«ምንም የለም እማዬ።»

«ዘመድ አለሽ?»

«እዚያ ሰው አይኖርም።»

«ታዲያ ምን ልታመጪ ነው?»

«ምንም አላመጣም። እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ።»

ስታስብ ትንፋሿ ይሰማል። ከዚያ ድምፇን ዝቅ አድርጋ፣ «ስለት አለብሽ እንዴ ልጄ?» አለችኝ። የለብኝም አልኳት። «እንግዲያው ማን አዘዘሽ?» እውነቷን ነው፣ እሷ በዕድሜዋ ሙሉ ያለ ጉዳይ አንድ እርምጃ ሄዳ አታውቅም፣ ገበያ ነው፣ ለቅሶ ነው፣ የታመመ መጠየቅ ነው፣ እግሯ ሁልጊዜ ለሰው ነው የሚነሣው። በመጨረሻ ግን ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ «እንግዲህ ከሄድሽ አይቀር ደህና አድርገሽ እይልኝ» አለችኝ። ከአውቶቡሱ ስወርድ ይሄ ነገር ጆሮዬ ላይ ነበር።

የተራራው እግር ሥር አንዲት የእንጨት ሳጥን አለች፣ በውስጧ መዝገብ፣ በክር የታሰረ እስክሪብቶ። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ ይሞላል። ስም። የተነሣሽበት ሰዓት። የምትመለሽበት ሰዓት። የሰው ብዛት። አንድ ብዬ ጻፍኩ፣ ብቻዋን ቆማ አሳዘነችኝ፣ ሁለት ላደርጋት ቃጥቶኝ ነበር። ከዚያ የመጨረሻው ዓምድ፣ አደጋ ቢደርስ የሚደወልለት ሰው። እዚህ ላይ እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ። እጄ የእናቴን ስልክ መጻፍ ጀምሯል፣ የአገሩን መለያ ቁጥር ጽፌ ሳበቃ ነው ያቆምኩት፣ እስቲ አሁን አንድ የማታውቀው ሰው በማታውቀው ቋንቋ ደውሎ ልጅሽ ገደል ገባች ቢላት ምን ታደርጋለች፣ ምናልባት ነጠላዋን ለብሳ በእግሯ ልትመጣ ትነሣ ይሆናል። ሰረዝኩትና የጓደኛዬን ጻፍኩ። ስሰርዝ ልቤ ቅር አለው፣ እናቴን የሰረዝኳት መሰለኝ። ስልኬን አወጣሁ፣ ሁለት መስመር ኔትወርክ አለው፣ የመጣ ጥሪ የለም። ገና ሐኪሙ አልዞረም። አሁን እንኳ ብደውል ይሆን ነበር። ጸጥ አደረግሁትና የጎን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፣ ዚፑን እስከ መጨረሻው ዘጋሁ።

እና እወጣለሁ። መንገዱ ጥቁር አፈር ነው፣ ይንሸራተታል፣ በየሃያ እርምጃው ዛፍ ወይ ድንጋይ ላይ ቢጫ ምልክት ተቀብቷል፣ የጣት ርዝመት የምታክል ሰረዝ። ጉሙ ከመውረዱ የተነሣ ከአንዱ ምልክት ሌላው አይታይም፣ አንዱ ጋ ስደርስ ነው ቀጣዩ ብቅ የሚለው። መጀመሪያ ፈራሁ፣ ከዚያ ለመድኩት፣ ከዚያ ጭራሽ ማውራት ጀመርኩ። እሺ ቢጫዬ፣ አለህ፣ አዎ አለህ፣ ደህና ዋል። ማን እንደቀባው አላውቅም፣ ግን ሰውየው ያስባል፣ ሰው የሚያመነታበት ቦታ ላይ ሁለት ነው የሚቀባው። ይሄን የሚያስብ ሰው ልጆች ያሳደገ መሆን አለበት። እኔ ብሆን አንዱ ጋ ሰንፌ እዘል ነበር።

ካፊያው ፊቴን ይነካል፣ አያረጥብም፣ ይነካል ብቻ። ጉንጬ ላይ ያቺ የተጨማደደችው ቆዳ ሙቀት አትወድም፣ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስታሳክከኝ ትውላለች፣ እዚህ ግን ዝም ብላለች፣ እንዲያውም ደስ ብሏታል። ኮፍያዬን አወለቅሁ። ማን ያየኛል? ጉም። ይየኝ። ትንፋሼ ቁና ቁና ይላል፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አንድም ሰው ፍጠኚ አይለኝም፣ አንድም ማሽን አይጮህም፣ ቅጠል ላይ ጠብ የሚለው ውኃ ብቻ ነው። ስንት ዓመት ሆነኝ ደስ ብሎኛል ካልኩ? አሁን ልበለው። ደስ ብሎኛል። ብቻዬን፣ በጭቃ፣ በተውሶ ጫማ፣ ከእናቴ ስልክ ሸሽቼ፣ ደስ ብሎኛል፣ እንግዲህ ምን ይደረግ።

አንሶላ ብቻን አይታጠፍም። ይሄን ለእናቴ ስነግራት ነው ሥራዬ የገባት። ትልልቁን አንሶላ ማሽኑ ተኩሶ ይተፋዋል፣ እኔ ሁለቱን ጫፍ እይዛለሁ፣ ጓደኛዬ ሁለቱን፣ ወደ ኋላ እንስባለን፣ እናራግፋለን፣ ከዚያ አንዳችን ወደ አንዳችን እንሄዳለን፣ እጃችን ይገናኛል፣ ጫፉን ትሰጠኛለች፣ ጎንበስ ብላ እጥፋቱን ታነሣለች፣ እንደገና እንገናኛለን። በቀን ስንት መቶ ጊዜ። ስንጀምር ቋንቋ አልነበረንም፣ እሷ የራሷ፣ እኔ የራሴ፣ የአገሩን ሰው ቋንቋ ደግሞ ሁለታችንም አብረን ስናበላሽ ነው የለመድነው፣ አሁንም አለቃችን እኛ ስናወራ እየሰማ ምን ቋንቋ ነው ይላል። የተቃጠልኩ ቀን ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ጭንቅላቴን ይዛ ያቆየችኝ እሷ ናት። ሐኪም ቤት ሌሊቱን ወንበር ላይ ተቀምጣ አደረች፣ ሁለት ሳምንት ሾርባ በፔርሙዝ አመላለሰች፣ ዛሬ ሻዬን የያዝኩበት ያ ፔርሙዝ ነው፣ ሳልመልስላት ቀረሁ። እናቴ ይሄን አታውቅም። ለጓደኛዬ አንድ ቀን እንኳ ሰላም በይልኝ አላለችም፣ መኖሯን ስላልነገርኳት። ቁስሌን ስደብቅ ያስታመመችኝንም አብሬ ደብቄያለሁ፣ ይሄ ገና አሁን፣ ሁለት ቢጫ ያለበት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳርፍ ነው የገባኝ።

ጫፉ አጠገብ የመጠለያ ዳስ አለ፣ ሦስት ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ አንድ አግዳሚ። ማንም የለም ብዬ ገብቼ ፌስታሌን ፈታሁ፣ እንቁላሉን ላጥኩ፣ ጨውም አልረሳሁም፣ ዳቦው ላይ አስተካክዬ አፌ ጋ ሳደርስ አንድ ሽማግሌ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ላስቲክ ካፖርት ለብሷል፣ በእጁ ጣሳ፣ በጣሳው ውስጥ ብሩሽ። ሰላም ብሎኝ ጥግ ቆመ፣ ውኃውን አራገፈ። እኔ አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። ሥራ ቦታ ሁሉም ምሳ ዕቃውን ይዞ ፊቱን ወደ ስልኩ አዙሮ ስለሚበላ ሰው ፊት ብቻዬን መብላት ለምጄ ነበር፣ ወይም የለመድኩ መስሎኝ ነበር። ግን እዚህ፣ ተራራ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ቆሞ እያየ? እናቴ ብታየኝ ምን ትለኛለች? ከአፌ አመለጠኝ።

«እንብላ» አልኩት፣ በእነሱ ቋንቋ። ሲወጣ «ይምጡ ይብሉ» ሆኖ ነው የወጣው።

አሁን ሰው የሆነ ሰው ምን ይላል? ይባረክ፣ ብዪ፣ አሁን በልቼ መጣሁ ይላል። ሁለተኛ ትለምነዋለህ፣ ይምላል፣ ሦስተኛ ትለምነዋለህ፣ ለመልክ ያህል ይቆርሳል። ሰውየው ግን «አመሰግናለሁ» አለና ቁጭ አለ። ጓንቱን አወለቀ። ትልቁን እንቁላል አነሣ። ዳቦውንም ከመሐል ገመሰ፣ ያውም ጨው የነሰነስኩበትን። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከዚያ ሳቅ ያዘኝ፣ በአፍንጫዬ እየወጣ አስቸገረኝ፣ ሰውየው በጨዋ ደንብ አብሮኝ ፈገግ ይላል፣ ያኝካል። ሻይ በክዳኑ ቀዳሁለት። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ አገር እንብላ ብዬው የበላልኝ የመጀመሪያው ሰው ነው፣ ግማሽ ምሳዬን ጨረሰው፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ።

«ቢጫውን የሚቀቡት እርስዎ ነዎት?» አልኩት ጣሳውን እያየሁ።

«እኔ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ።»

«በዝናብ ይቀባል እንዴ?»

«አይቀባም። በዝናብ ነው የሚታየው» አለ። «በፀሐይማ ሁሉም ምልክት ያምራል። እንዲህ ባለ ቀን ወጥቼ የማይታየኝን እመዘግባለሁ፣ በፀሐይ ተመልሼ እቀባዋለሁ፣ ጣሳውን የያዝኩት ለልማድ ነው። አንቺስ? ጠፍቶብሽ ነበር?»

«አልጠፋብኝም። አንዱም አልጠፋብኝም።»

ደስ አለው፣ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ምሳዬን መክፈል አለብኝ ብሎ ያሰበ ይመስለኛል፣ በእጁ ወደ ግራ አመለከተኝ። ከዳሱ ጀርባ አሥር እርምጃ ሄደሽ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ አለኝ፣ ሁሉም ሰው እዚህ ተራራ ላይ ኔትወርክ የለም ይላል፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ግን አለ፣ ሙሉ ነው፣ እኔና ሚስቴ ብቻ ነን የምናውቀው፣ የምትደውዪለት ሰው ካለሽ። እግዜር ይይልሽ አንቺ አፍ! ከስልክ ሸሽቼ እዚህ ድረስ በአራት እግሬ ወጥቼ፣ በገዛ እንብላዬ ስልክ ገዛሁ። የምደውልለት ሰው የለኝም ልለው ነበር። መዝገቡ ላይ የሰረዝኩት የእናቴ ቁጥር ትዝ አለኝ። ተነሣሁ።

ድንጋዩ ላይ ስቆም ስልኩ ኪሴ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አያባራም። ሰባት ያልተመለሰ ጥሪ። አንድ የድምፅ መልእክት፣ እትዬ ናት፣ የቁጣዋ ድምፅ።

«የት ገባሽ አንቺ? ፋሻው ከተነሣ አንድ ሰዓት አለፈው! እማዬ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። ሐኪሙ ክፈቺ አላት፣ ነርሷ ክፈቺ አለቻት፣ አሻፈረኝ አለች። ልጄን ነው የማይ፣ በዚህ በሐኪም ቤት ግድግዳ ዓይኔን አላሟሽም ትላለች። ሽንት ቤት እንኳ እንደጨፈነች እየመራሁ ነው የወሰድኳት። ሐኪሙ ስቆ ሄዷል፣ ነርሷ ግን ልትገለን ነው። እባክሽ የትም ሁኚ ደውዪ!»

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ እዚህ ዓይኗን ስሸሽ እሷ እዚያ ጨፍና እየጠበቀችኝ ነው። አልጋ ጠርዝ ላይ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ይታየኛል፣ ግትር ስትሆን እንደዚያ ነው የምትቀመጠው። አሁን ወርጄ ቤቴ ገብቼ ፀጉሬን ቀብቼ መብራቱን በቀኝ በኩል አድርጌ ብደውል ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ሦስት ሰዓትም ትጠብቀኛለች፣ አውቃታለሁ። ማልቀስ አማረኝ፣ ግን ሳቄም ገና አላለቀም ነበር፣ ሁለቱ ተደባለቁብኝ። ደወልኩ። ገና አንድ ጊዜ ሳይጠራ እትዬ አነሣችው፣ ፊቷ እስክሪኑን ሞላው።

«ጉድ! የት ነው ያለሽው? ጭስ ነው?»

«ጉም ነው። እማዬን ስጪኝ።»

ስልኩ ተወዛወዘ፣ ጣሪያ አየሁ፣ መጋረጃ አየሁ፣ ከዚያ እናቴን። ዓይኗ ተጨፍኗል፣ በኃይል፣ ልጅ ድብብቆሽ ሲጫወት እንደሚጨፍነው። አርጅታለች። ይሄን ለምን ማንም አልነገረኝም? በየሳምንቱ በቪዲዮ አያታለሁ እኮ፣ ግን የራሴን ጉንጭ ስልኩን ከሚይዙላት የእትዬ ልጆች ስደብቅ እሷን ደህና አድርጌ አይቻት አላውቅም።

«ሸንኮሬ፣ መጣሽ? ልክፈት?»

«ቆይ እማዬ። እንዳትከፍቺ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ተናገሪ።»

ነገርኳት። ቱቦውን፣ እንፋሎቱን፣ ጉንፋን ነው ብዬ መዋሸቴን፣ ከጆሮዬ ሥር እስከ አገጬ መሆኑን። ፀጉሬንም ጨመርኩበት። ሁሉን ባንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት፣ እትዬ ከኋላ እንዴ አንቺ ስትል ይሰማኛል። እናቴ ዓይኗን አልከፈተችም።

«ያማል?»

«ያኔ አሞኛል። አሁን አያመኝም።»

«ማን አስታመመሽ?»

ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ለምን ዋሸሽኝ አላለችም፣ መልክሽ ተበላሸ ወይ አላለችም። ማን አስታመመሽ። እንባዬ እዚህ ላይ ነው የመጣው።

«አንዲት አብራኝ አንሶላ የምታጥፍ ጓደኛ አለችኝ። ሌሊቱን ወንበር ላይ አደረች። ሾርባ አመጣችልኝ።»

«እናት አላት?»

«አላት።»

«እሷንም ታቆይላት» አለችና እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «እንግዲህ ከፈትኩ።»

ከፈተች። መጀመሪያ ዓይኗ ዝም ብሎ ዋለለ፣ የት እንደምታርፍ አላወቀችም። ቀጥሎ አረፈች። አየችኝ። እርጥብ ፀጉሬ ግንባሬ ላይ ተለጥፏል፣ ጭቃ አገጬ ላይ አለ፣ ጉንጬን ለመደበቅ ፊቴን አላዞርኩም። በኋላ ዓይኗ ከእኔ አልፎ ወደ ኋላዬ ሄደ።

«ያ ሽማግሌ ማነው?»

ዞርኩ። ሰውየው የረሳሁትን ኮፍያ ይዞልኝ መጥቶ ከድንጋዩ ሥር ቆሟል።

«ምሳ ጋብዤው ነው እማዬ። እንብላ አልኩት።»

«ታዲያስ?»

«በላ።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው። ትልቁን እንቁላል።»

እናቴ ሳቀች። እትዬ ስፌትሽ፣ ስፌትሽ እያለች ትጮሃለች፣ ነርሷ ገባች፣ እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ምስኪን፣ ርቦት ነው፣ ጨምሪለት ትለኛለች። ሰውየው እጁን አውለበለበላት፣ እሷም ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው። ከዚያ ሳቋ አለቀና ፊቷ እንደገና ወደ እኔ ተመለሰ።

«ቅረቢ» አለችኝ። «ያንን በኩል።»

ስልኩን አስጠጋሁት። ግራ ጉንጬን ሰጠኋት። እስክሪኑ ሌላ ምንም አልያዘም፣ ጉንጬንና አገጬን ብቻ። ከዚያ እጇ ሲመጣ አየሁ፣ ያ ሁሉን የሚያየው እጇ፣ ጣቶቿ እየተለቁ መጡ፣ እስክሪኑ ላይ ከጆሮዬ ሥር ጀምረው ቀስ ብለው ወደ አገጬ ወረዱ።

«እማዬ፣ ቀዩን መዝጊያ እንዳትነኪ፣ ቀዩን...» እትዬ ናት።

ስልኩ ጨለመ።

ሽማግሌው ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። «ተቋረጠ? ኔትወርኩ እኮ እዚህ ሙሉ ነው» አለ፣ እሱ እንደተከለው ሁሉ አፍሮ።

«አልተቋረጠም» አልኩት። «ጉንጬን ዳበሰችኝ።»

የገባው አይመስለኝም። ኮፍያዬን ሰጠኝ፣ አላጠለቅሁትም። ካፊያው እንዳለ ነው። ስልኩ እጄ ላይ እንደገና ጠራ፣ ግራ ጉንጬን አዙሬ አነሣሁት።